ማሳው ላላ እንጂ ባትሪው አልሞተም

ባለፈው ክረምት ላዳዋ አልነሳ አለችኝ። ቁልፉን ሳዞር "ጠቅ" ትላለች፣ የዳሽቦርዱ መብራት ደብዘዝ ይላል፣ በቃ። እኔም እንደማንኛውም ሰው "ባትሪ ነው" አልኩና አዲስ ባትሪ ገዛሁ። አሥር ቀን ያህል እንደ ድሮዋ ስትነሳ ሰነበተች፤ ከዚያ ተመልሳ ጠቅ። አንድ ጋራዥ (ስም መጥራት አያስፈልግም) "ሞተሪኖው አልቋል" ብሎ ሞተሪኖ አስለወጠኝ። ሌላው ደግሞ "ዲናሞው አይሞላም" ብሎ ዲናሞ አስገዛኝ። ሰነፎች አይደሉም፣ ሲሠሩ ቆሜ አይቻለሁ። ግን አንዳቸውም ከመፍታታቸው በፊት ምንም ነገር አልለኩም። ወሩ ሲያልቅ የመምህር ደሞዝ የት እንደደረሰ ልነግራችሁ አልፈልግም፣ ታውቁታላችሁ። ባለቤቴ "ይሄን ቆርቆሮ ሽጠው እንጂ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ላዳዋ የአባቴ ናት፤ እኛን ያሳደገችው በሰማያዊና ነጭ ቀለሟ ታክሲ ሠርታ ነው።

በመጨረሻ አንድ ጎረቤቴ "አጠና ተራ ጋ ያሉትን ሽማግሌ ኤሌትሪሻን ሞክራቸው" አለኝ። ኮልፌን የማታውቁ ካላችሁ፣ አጠና ተራ የአጠናና የጣውላ ገበያችን ነው። ሽማግሌው ከዚያ ወረድ ብሎ ባለች አንዲት ኮንቴነር ውስጥ ነው የሚሠሩት። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስላዘዙኝ እዚህ "ጋሼ" እያልኩ እቀጥላለሁ።

ላዳዋን አስገፍቼ ደረስኩ። ጋሼ ኮፈኑን አስከፈቱኝ። ካቻቢቴ አላነሱም፣ ፒንሳ አላነሱም። "አስነሳ" አሉኝ። ቁልፉን ሳዞር ጠቅ። "ድገም"። ደገምኩ። እሳቸው ሁለት ጣታቸውን የቾኩ ገመድ ላይ አሳርፈው ዝም ብለዋል። ከዚያ ጠሩኝ።

"ቲቸር፣ ና ንካት።"

ነካኋት። ትፋጃለች! የቾክ ገመድ ከመቼ ወዲህ ነው የሚግለው? ጋሼ ሳቁ። "ባትሪህ አልሞተም። የጣልከው ሞተሪኖም ደህና ነበር። ማሳህ ነው።"

እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ደቂቃ ጭንቅላቴ ውስጥ የመጣው የጤፍ ማሳ ነው።

እሳቸው ያስረዱኝን በራሴ ቋንቋ ላስቀምጠው። ቤት ውስጥ ያለ አምፖል ሁለት ሽቦ አለው፣ አንዱ መሄጃ አንዱ መመለሻ። መኪና ላይ ግን ለእያንዳንዱ አምፖል ሁለት ሁለት ሽቦ አይዘረጋም። የሚሄደው በሽቦ ይሄዳል፣ የሚመለሰው በራሱ በመኪናው ብረት ነው። ላሜራው፣ ቦዲው፣ ሞተሩ ሁሉ አንድ ትልቅ መመለሻ ሽቦ ነው ማለት ነው። ጣሊያኖች ይሄን "ማሳ" ይሉታል፣ የብረቱን ክምችት ለማለት። ሞተሩ ግን ቦዲው ላይ የተቀመጠው በጎማ ነው፣ እንዳያንቀጠቅጥ። ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ሞተሩን ከቦዲው ጋር የሚያያይዝ ወፍራም ገመድ አለ፣ ከታች በኩል፣ ጭቃ በሚረጭበት ቦታ። የኔዋ ገመድ በዝገት ተበልታ በጥቂት ክሮች ብቻ ተንጠልጥላ ነበር። ሞተሪኖ ሲነሳ ከመቶ አምፔር በላይ ይጠጣል። ያ ሁሉ ጅረት መመለሻ ሲያጣ ያገኘውን መንገድ ይይዛል፤ ያገኘው የቾኩን ቀጭን ገመድ ነው። ለዚህ ነው የጋለችው። አዲሱ ባትሪ ለአሥር ቀን ያስነሳልኝም ጉልበቱ ሙሉ ስለነበረ ነው። ዲናሞውም ያለው ሞተሩ ላይ ስለሆነ መልሶ ሊሞላው የሚችለው በዚያችው በተበላች ገመድ በኩል ነው፤ በቀስታ ተዳከመ፣ እኔም ባትሪ ላይ ፈረድኩ።

ጋሼ ገመዷን ቀየሩ፣ ሁለቱን ጫፍ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉ፣ ጥብቅ አደረጉ፣ ግራሶ ቀቡ። "አስነሳ።" ተነሳች። የከፈልኩት ከባትሪው ዋጋ አንድ አሥረኛ አይሆንም።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። የማስተምረውም አድዋን፣ ማይጨውን፣ የአምስቱን ዓመት ወረራ ነው። በዚያ ቀን ግን ወደ ቤቴ ስመለስ ያሰብኩት "እኚህ ሰውዬ ይህን ከየት ተማሩት?" የሚለውን ነበር። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮንቴነራቸው ደጃፍ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ፣ ቡና እያስመጣሁ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ የወጣ ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው። ወደ አዲስ አበባ መኪና የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን። ቤድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለች መኪና ከጅቡቲ ተነስቶ፣ መንገድ በሌለበት እየነዳ አምጥቶ ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ። የዚያ ዘመን መኪና ላይ ዛሬ "ኤሌትሪክ" የምንለው ነገር እዚህ ግባ አይባልም። ሞተሩ የሚነሳው ከፊት በእጅ በሚዞር ማኖቬላ ነው፤ መብራቱም በጋዝ ወይም በዘይት የሚነድ ፋኖስ ነበር። ቻርልስ ኬተሪንግ የሚባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በባትሪ የሚሠራውን ማቀጣጠያ፣ ቀጥሎም ያለ ማኖቬላ የሚያስነሳውን የኤሌክትሪክ ሞተር ለካዲላክ የሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ይቺ ማስነሻ በ1912 (እ.ኤ.አ.) ካዲላክ ላይ ወጣች። ባትሪ፣ ቦቢና፣ ፑንቲና፣ ካንዴላ፣ ይህ ሰንሰለት ከዚያ ጀምሮ ለስልሳና ሰባ ዓመት ያህል በመሠረቱ አልተለወጠም። የአባቴ ላዳም በዚያው መንገድ ነው የምትሠራው።

እዚህ አገር ግን መኪና በብዛት የገባው፣ ቋንቋውንም ይዞ የገባው፣ በወረራው ጊዜ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር አዲስ አበባ ሲገባ በካሚዮን ነበር። ከጦሩ ጋር ጋራዥ መጣ። ከጋራዡ ጋር ቃሉ መጣ። ባለፈው ሴሚስተር ተማሪዎቼን "ከጣሊያንኛ የመጣ የመኪና ቃል የምታውቁ" ብዬ ሰሌዳውን ብከፍትላቸው በአሥር ደቂቃ ሞላ፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ስፖኪዮ፣ ታርጋ፣ ሊብሬ፣ ቺንጋ። አባቱ ሾፌር የሆነ አንድ ልጅ ደግሞ ከኋላ ተነስቶ "ባሌስትራና ጓርኒሲዮን" ብሎ አስጨበጨበን። መኪና የሚለው ቃል ራሱ "ማኪና" ነው። ሾፌርና ጋራዥ ግን ከፈረንሳይኛ የተገኙ ናቸው። ብርጭቆ ወረቀት ደግሞ ያስገርመኛል። ጣሊያኖቹም የሚሉት ልክ እንደዚያው "የብርጭቆ ወረቀት" ነው፤ አንድ የማናውቀው ሰው ቁጭ ብሎ በአማርኛ ተርጉሞልናል።

ይህን ስል "አዎ፣ ጣሊያን ብዙ ነገር ሠርቶልናል" የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቀድሜ ልመልስ። ያ ጋራዥ የመጣው እኛን ለማስተማር አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የሆነውን ማንም አይረሳም። የፋሽስቱ የዘር ሕግ ሐበሻን ከነጭ ለይቶ የሚያስቀምጥ ነበር። መርካቶን ራሱን ያስቀመጡት የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ገፍተው፣ ከነጮቹ ሰፈር ለይተው ነው። በጋራዥ ውስጥ የአገሬው ልጅ ድርሻ ዕቃ ማጠብና ቁልፍ ማቀበል ነበር። የእኛ ሰዎች የተማሩት ቁልፍ እያቀበሉ፣ በዓይናቸው እየሰረቁ ነው። ይህ ልዩነት ለኔ ትልቅ ነው። ማንም አልሰጣቸውም፣ ራሳቸው ወሰዱ።

ጋሼም የተማሩት እንዲሁ ነው፣ ምንም እንኳን ጊዜው ቢለያይ። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ብዙ ጣሊያኖች እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከፍተው ይሠሩ ነበር። ጋሼ በ1950ዎቹ መጨረሻ በአንዱ ጋራዥ ውስጥ ገቡ፣ ገና ልጅ ሆነው። "ሲኞሩ አያስተምርም። ሲሠራ ጀርባውን ይሰጥሃል። እኔ ግን ከመኪናው ሥር ሆኜ መብራት እይዝለት ነበር። መብራት የሚይዝ ሰው ሁሉን ያያል" አሉኝ። በዚያው ዘመን ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ነበር፣ በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው፤ እዚያ የተማረ መካኒክ በመጽሐፍ፣ በእንግሊዝኛ ነው የሚያውቀው። ከአስመራ የሚመጡም ነበሩ፣ እነሱ ደግሞ ጣሊያንኛውን ከነሰዋስዉ ነው የሚያወሩት። ጋሼ እንደሚሉት ሦስቱ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሲገናኙ ለአንዲት ፊውዝ ሦስት ስም ነበራት። እሳቸው እስከ ዛሬ "ቫልቮላ" ነው የሚሏት።

አሁን ወደ ማሳው ልመለስ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጣፍጠው።

የጣሊያን መኪና የባትሪውን ኔጌቲቭ ነው ከቦዲ ጋር የሚያስረው። የእንግሊዝ ጦር በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ከገባ በኋላ ግን የእንግሊዝ መኪናም በብዛት መጣ፤ በኋላም ላንድሮቨር ገጠሩን ሞላው። የዚያ ዘመን አብዛኛው የእንግሊዝ መኪና ደግሞ በተቃራኒው ፖዘቲቩን ነው ከቦዲ የሚያስረው። ላንድሮቨር ይህን የተወው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ አጠገብ ለአጠገብ የቆሙ አንድ ፊያትና አንድ ላንድሮቨር ማሳቸው የተገላቢጦሽ ነበር። ሰው ባትሪ ሲቀይር ሳያውቅ ገልብጦ ያስራል። አምፖል ቢሆን ግድ የለውም፣ በየትኛውም አቅጣጫ ይበራል። ሬዲዮ ግን ይቃጠላል። ጋሼ የላንድሮቨር ባለቤት ሬዲዮ ሊያስገጥም ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቁት "የማን አገር ናት?" ብለው ነበር። ኤሌትሪሻኑ ከመንካቱ በፊት ታሪክ ማወቅ ነበረበት ማለት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው "ታሪክ ምን ይሠራል?" የሚለው ጥያቄ ለአንድ ሳምንት ያህል ቆሞልኝ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የትንንሾቹ ዘመን ነው። ፊያት 600፣ የእኛዋ ሴይቼንቶ፣ በ1955 (እ.ኤ.አ.) ቱሪን ላይ የወጣች፣ ሞተሯ ከኋላ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ሆና የሠራች። እና ቮልስ። ቮልስ ላይ ጋሼ ፊታቸው ይፈካል። የድሮዋ ቮልስ፣ እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ የተሠራችው፣ ባለ 6 ቮልት ነበረች። 6 ቮልት ማለት ያንኑ ሥራ ለመሥራት እጥፍ ጅረት ያስፈልጋታል ማለት ነው። ስለዚህ ትንሽ ዝገት፣ ትንሽ የላላ ማሰሪያ፣ በ12 ቮልት ላይ የማይታወቅ ነገር፣ እሷን ጨርሶ ያቆማታል። በዚያ ላይ ባትሪዋ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው! ክዳኑ ከጠፋ፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ ባትሪው ላይ ይወርድና ሁለቱን ራስ ያገናኛል። "ጭስ ከወንበሩ ሥር ሲወጣ ተሳፋሪው ሲጋራ የጣለ ይመስለዋል" አሉ ጋሼ። ይህ ቀልድ አይደለም፣ በዚህ የተቃጠለች ቮልስ በየአገሩ አለች። አሮጌ ቮልስ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ዛሬውኑ ወንበሩን አንሱና እዩ፣ ክዳን ከሌለ ወፍራም ጎማ አልብሱት።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ከአብዮቱ ጋር ላዳና ዋዝ።

እዚህ ላይ አንድ ያላወቅሁት ነገር ነበር። ላዳን ሁላችንም የምናውቃት "የሶሻሊስት መኪና" ብለን ነው። ጋሼ ግን የመጀመሪያዋን ላዳ ኮፈን ሲከፍቱ የሆነውን ሲነግሩኝ እንዲህ አሉ፦ "ሩሲያ ናት ብለው አስፈራርተውኝ ነበር። ሽቦውን ሳየው ሳቄ መጣ። ሲኞሩን አገኘሁት።" እውነታቸውን ነው። ፊያትና ሶቭየት ኅብረት በ1966 (እ.ኤ.አ.) ተዋውለው፣ ፊያት 124ን መሠረት አድርገው በቮልጋ ወንዝ ዳር ፋብሪካ ገነቡ። ከተማው ቶሊያቲ ይባላል፣ በጣሊያናዊው የኮሚኒስት መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በ1970 (እ.ኤ.አ.) ወጡ። ሩሲያኖቹ ለራሳቸው መንገድና ብርድ እንድትሆን ብዙ ነገር ቀየሩባት፤ ላሜራውን አጠነከሩ፣ የኋላውን ፍሬን ቀየሩ፣ ባትሪ በብርድ ሲሞት በእጅ እንድትነሳ የማኖቬላ ቀዳዳ እንኳን አስቀሩላት። የሽቦው አስተሳሰብ ግን የቱሪን ነው። እንግዲህ ጣሊያን በ1928 በጦር የገባበትን አገር፣ በአርባና በሃምሳ ዓመቱ "በጓዶቻችን" በኩል መልሶ ገባበት፤ በዚህኛው ጊዜ በታክሲ። በዚያኛው ጋራዥ መብራት ይዞ የቆመው ልጅም ጠበቀው።

የላዳዋን ፊውዝ ያያችሁ ታውቃላችሁ። እንደ ዛሬዎቹ በፕላስቲክ የተሸፈነች አይደለችም፤ ሁለት ጫፏ ሾጠጥ ያለ፣ በላይዋ ቀጭን ብረት የተዘረጋባት፣ በሁለት የመዳብ ምላስ መካከል የምትቆነጠጥ ናት። ምላሶቹ በጊዜ ይላላሉ፣ አረንጓዴ ያበቅላሉ። ፊውዟ ሳትቃጠል መብራት ይጠፋል። መድኃኒቱ? በጣት ማሽከርከር። በቃ። አንድ ቀን ጋሼ ዘንድ አንድ ሰው ፍሬቻም ነዳጅ ጌጅም አልሠራ ብሎት መጣ። ጋሼ የፊውዝ ሳጥኑን ከፍተው ሁሉንም በየተራ በአውራ ጣታቸው ዞር ዞር አደረጓቸውና "ሂድ" አሉት። ሰውየው ተናደደ። ለምን አልገባኝም፣ ምናልባት ሕመሙ ከበድ እንዲል ፈልጎ ይሆናል።

ስለ መለኪያ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሁሉ የበለጠ የተማርኩት እሱን ነው። እኔ መርካቶ ሄጄ ዲጂታል ቴስተር ገዝቼ ነበር፣ ለጋሼ በኩራት አሳየኋቸው። እሳቸው ያላቸው አንድ አሮጌ የፍሬቻ አምፖል ነው፣ ሁለት ሽቦ የተበየደበት፣ በናስትሮ የተጠቀለለ። አንድ የቆየ ሽቦ ወሰዱ፣ ክሮቹን በካራ ቆረጡና አንዲት ክር ብቻ አስቀሩ። "ለካ" አሉኝ። ቴስተሬ 12.5 አሳየ። ሙሉ። ከዚያ አምፖላቸውን ገጠሙበት፤ የፊት መብራቱንም ጨመሩበት። አምፖሉ ድክም ብሎ ቀላ፣ ሽቦዋም ጋለች። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዲጂታሉ ቴስተር ምንም ጅረት አይጠጣም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በአንዲት ክር ላይ የተንጠለጠለ ሽቦም ለእሱ ሙሉ ነው። አምፖሉ ግን ይጠጣል፣ ሲጠጣ እውነቱ ይወጣል። "ሥራ ሳትሰጠው ሰውን አትለካው" አሉኝ። ቴስተሩን አልጣልኩትም። አሁን የምለካው ግን ሥራ ላይ እያለ ነው፤ አንድ ሰው ቁልፉን ሲያዞር አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ። ደህና ማሳ ከሆነ ከግማሽ ቮልት በታች ነው የሚያሳየው። የኔ ላዳ ያን ጊዜ ብትለካ ኖሮ ያን ሁሉ ብር አላወጣም ነበር።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ማሳው ከተሠራ ከሁለት ወር በኋላ ባትሪው መፍላት ጀመረ። ውኃው ያልቃል፣ ሽታው መኪናው ውስጥ ይገባል፣ የፊት አምፖል በየሳምንቱ ይቃጠላል። ለካሁት፤ ከ16 ቮልት በላይ እየሞላ ነው፣ መሆን የሚገባው 14 አካባቢ ሆኖ ሳለ። "ሬጉሌተር ተበላሽቷል" ብዬ ሶማሌ ተራ ሄጄ ልገዛ ስል ጋሼ ከለከሉኝ። "መኪናዋን መቼ ነው ያስቀባሃት?" አሉኝ። ከአባቴ ሞት በኋላ፣ ታክሲነቷን ትታ ነጭ ሆና እንድትቀጥል አስቀብቻት ነበር። ጋሼ ሬጉሌተሩን ከፓራፋንጎው ላይ ፈቱት። ከሥሩ ያማረ አዲስ ቀለም! ቀለም ቀቢው ፈትቶ፣ ቀብቶ፣ መልሶ አስሮታል። ሬጉሌተሩ ማሳ የሚያገኘው በእግሩ በኩል ነው፤ እግሩ ቀለም ላይ ቆሞ ዲናሞው ስንት እየሞላ እንደሆነ በትክክል ማየት አይችልም። ያነሰ ይመስለዋል፣ "ጨምር" ይላል፣ ባትሪው ይፈላል። እስካሁን ያልታወቀውም ዲናሞው ራሱ በበሰበሰው ገመድ ታንቆ ስለነበረ ነው። አንዱ ሕመም ሌላውን ሸፍኖት ኖሯል። እንደገና ብርጭቆ ወረቀት። 14.1።

ጋሼ ሁለት ልጆች ቀጥረው ነበር፣ ሁለቱም ሄደዋል። አንዱ ሞተር ሳይክል ይነዳል፣ ሌላው አገር ውስጥ የለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186/2012፣ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ፣ የኤሌክትሪክ ብቻ እንዲሆን። ውሳኔውን አልቃወምም፤ የነዳጅ ሰልፍ የቆመ ሰው አይቃወምም። ግን ጋሼን "ከእንግዲህ ሥራው ያልቃል?" ብዬ ስጠይቃቸው ነገሩን ከኔ በተሻለ አውቀውት ተገኙ።

መስከረም ላይ ነው፣ አንድ ጎልማሳ በሩጫ መጣ። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪናው 18 ማዞሪያ ጋ ቆማ በሩ እንኳን አልከፈት ብሎታል። ቤት ሞልቷት ነው የወጣው፣ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ነው። ጋሼ በኔ ላዳ ሄድን። በሩን በቁልፉ ከፈቱ፣ ኮፈኑን ከፈቱ፣ ከፕላስቲኩ ሥር አንዲት ትንሽ ባትሪ አገኙ። 12 ቮልት። የኤሌክትሪክ መኪናም አላት፤ ኮምፒውተሯን፣ በሯን፣ መብራቷን የምታስነሳው በእሷ ነው፣ ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኘውም በእሷ ትእዛዝ ነው። ብርቱካናማዎቹን ወፍራም ገመዶች "እነዚያን አትንኩ፣ ይገድላሉ" ብለው አራቁን። ከዚያ በአምፖላቸው ነኩ። ደብዛዛ። ኔጌቲቩን ማሰሪያ በሁለት ጣታቸው ወዘወዙት፤ ተወዛወዘ።

"ይኸው" አሉ፣ "ማሳ።"

አጠበቁት፣ ከላዳዋ ባትሪ ገመድ ሰጧት፣ ስክሪኑ በራ። ሰውየው ስንት እንደሚከፍል ሲጠይቅ ጋሼ "ለቲቸር ቤንዚን ሙላለት" አሉት። ሞላልኝ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተር ይዤ ነው የምሄደው። ቃላቱን እየመዘገብኩ ነው፤ ከ70 በላይ ደርሰዋል። ግማሾቹን በየትኛውም መዝገበ ቃላት አላገኘኋቸውም። በድሮ ጋራዥ የሠራ አባት፣ አጎት፣ ጎረቤት ያላችሁ፣ የሚሏቸውን ቃላት ከነትርጉማቸው ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የቆየ ፎቶ ያላችሁም በውስጥ ላኩልኝ። ላዳዋን ልትገዙ የጠየቃችሁኝ ሁለት ሰዎች ደግሞ ይቅርታ፣ ማስታወቂያውን አንስቼዋለሁ።